ጋሼ ሳህሉና በዝርዝሩ ያልነበረው ቤት

በዚህ የጋሼ ሳህሉ ዜና ሕይወት ውስጥ፣ እሳቸው እስኪያርፉ ድረስ ለማንም፣ ለባለቤታቸው ለእትዬ አይናዲስም ቢሆን፣ ያልነገርኩት ነገር አለ። እኔ የእህታቸው ልጅ ፀደይ፣ ሰው ፊት መቆም የማይሆንልኝ፣ ላንብበው ብዬ የለመንኩት ስለዚሁ ነው።

አቶ ሳህሉ ደግነት ከአባታቸው ከአቶ ደግነት ወልዴና ከእናታቸው ከወ/ሮ የሺመቤት ይማም በ1955 ዓ.ም. በወሎ፣ ሐይቅ ከተማ ተወለዱ። ትምህርታቸውን እዚያውና በደሴ ተከታትለው፣ በኮምቦልቻ በኤሌክትሪክ ሠራተኛነት እያገለገሉ ሳለ ወ/ሮ አይናዲስን አግብተው ንጋቱንና ሌይላን ከወለዱ በኋላ፣ ዲቪ ደርሷቸው አሜሪካ፣ ካሊፎርኒያ፣ ኦክላንድ ገቡ።

ለዓመታት ታክሲ ነድተው በመጨረሻ የተቀጠሩት፣ ሰደድ እሳት ሲቀርብ የደንበኞቻቸውን ቤት እንዲጠብቅላቸው ኢንሹራንሶች በሚከፍሉት ድርጅት ነበር። ሥራው እጅግ ያስገርማቸው ነበር። ቤት የሚያቃጥለው ብዙ ጊዜ ከሩቅ የሚታየው ነበልባል ሳይሆን በነፋስ መጥቶ አሸንዳ ውስጥ ደረቅ ቅጠል ላይ የሚያርፍ ፍንጣሪ መሆኑን ከተማሩ ወዲህ፣ ለቅሶ ሲደርሱ እንኳ ሳይቀመጡ ቤቱን ዞረው ጣሪያውን የሚያዩ፣ መሰላል አምጡ የሚሉ ሰው ሆኑ።

ከስድስት ዓመት በፊት ከሳን ሆዜ በስተምሥራቅ ባሉት ኮረብታዎች እሳት የተነሳ ቀን፣ እኔ በዚያው ድርጅት ቢሮ የደንበኞቹን የአድራሻ ዝርዝር እይዝ ነበር። በጋሼ መኪና የቀረው፣ ቤት ላይ የሚረጨው እሳት መከላከያ ጄል ለአንድ ቤት ብቻ የሚበቃ ስለነበር፣ ጎን ለጎን ካሉት ሁለት ቤቶች የደንበኛው የቱ እንደሆነ ደውለው ጠየቁኝ። ከሁለቱም ቤቶች ሰዎቹ አስቀድመው ወጥተዋል። አንደኛው በዝርዝሩ አለ፤ ሁለተኛው ኢንሹራንሷ በዚያው ዓመት ውሏን አላድስም ያላት የአንዲት አሮጊት ቤት ነው፤ ጠዋት ቢሮ ደውላ «ቤቴን ጠብቁልኝ» እያለች ስታለቅስ የሰማኋት እኔ ነኝ። እያወቅሁ የእሷን ቤት ቁጥር ሰጠኋቸው። የሴትዮዋ ቤት ተረፈ፤ የደንበኛው ግን ግማሹ ተቃጠለ።

ጋሼ «ቁጥሩን የተሳሳትኩት እኔ ነኝ» ብለው ፈርመው ከሥራ ተሰናበቱ። እኔን አንድ ቀን ብቻ፣ በቁጣ ሳይሆን ማወቅ ፈልገው፣ «ፀዲዬ፣ ለምን ያንን ቤት አልሽኝ?» ብለው ጠየቁኝ፤ አፍሬ ወሬ ቀየርኩባቸው። ደግመው አልጠየቁም። ከዚያ ወዲህ ጓደኛቸው አቶ ፍቅሬ በየድግሱ «ሳህሉ፣ ለእኛም ቤት ተሳሳትልን እንጂ!» ሲሏቸው፣ «ደውልልኝ፤ አድራሻውን ግን አንተው አንብብ» እያሉ አብረው ይስቁ ነበር። ሁላችሁም ስቃችኋል። እኔም ስቄያለሁ።

በልብ ሕመም ሁለት ዓመት ፓሎ አልቶ ባለ ሆስፒታል ሲታከሙ ቆይተው ባለፈው ማክሰኞ አርፈዋል። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ ሦስት የልጅ ልጆቻቸውንና እናቴን ትተውልናል። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍልን፤ እውነቱን ደብቄ ያጎደፍኩትን ስማቸውንም እናንተ መልሱላቸው።

ባረፉ በማግሥቱ ጠዋት፣ እስከ ዛሬ በምሠራበት በዚያው ድርጅት ቢሮ ገባሁ። ያንን ቁጥር እያወቅሁ የሰጠኋቸው እኔ መሆኔን ጽፌ፣ ፈርሜ ለአለቃዬ ሰጠሁና አንብቦ እስኪጨርስ ፊቱ ቆሜ ጠበቅሁ።