የጻፉትን ያረሙ ሐኪም፤ የዶክተር እንዳላማው ታረቀ ዜና ሕይወት

ክቡራን አባቶች ካህናት፥ ውድ ቤተ ዘመድ፥ ከአምበር፣ ከደምበጫና ከሮብ ገበያ ድረስ ደክማችሁ የመጣችሁ ለቀስተኞች፤ ድካማችሁን እግዚአብሔር ይቁጠርላችሁ እያልን፥ ዛሬ አፈር የምናለብሳቸው ወንድማችን ዶክተር እንዳላማው ታረቀ እንዴት እንደኖሩ እናሰማችኋለን።

ዶክተር እንዳላማው ከአባታቸው ከመሪጌታ ታረቀ አወቀና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሥራነሽ ዓባይ በ፲፱፻፲፮ ዓ.ም. ከሮብ ገበያ በላይ፣ በጮቄ ተራራ ግርጌ ተወለዱ። ፊደል ቆጥረው፣ ዳዊት ደግመው፣ ቅኔ ቤት እንደገቡ ጠላት አገር ስለያዘ ትምህርታቸው ተቋረጠ። ከነጻነት በኋላ በደብረ ማርቆስና በአዲስ አበባ ዘመናዊ ትምህርት ተምረው፥ በመንግሥት ወጪ ባሕር ማዶ ተሻግረው ሕክምና አጠኑ፤ በተለይም የደም በሽታዎችን መርምረው በ፲፱፻፶፩ ዓ.ም. ለአገራቸው በቁ። በተመለሱ በዓመቱም ከመምህርት ያለምወርቅ ወልደ ሚካኤል ጋር በቁርባን ተጋብተው ሁለት ልጆች፥ የኔዓለምንና ያለውን፥ ወለዱ።

አዲስ አበባ ሳሉ ጣፊያቸው ያበጠና ነጭ የደም ሕዋሳቸው ከልክ ያለፈ በሽተኞችን አጥንተው፥ ሕመሙ የደም ነቀርሳ ነው፤ የነቀርሳው ብርቱ መድኃኒትም ይገባዋል የሚል ጽሑፍ በውጭ አገር የሕክምና መጽሔት አሳተሙ። በአውሮፓም በሕንድም ያሉ ሊቃውንት ጽሑፉን እየጠቀሱ ሌላ ጽሑፍ ስለጻፉበት፥ እሳቸው ያልረገጡትን አገር ስማቸው ረገጠው።

በ፲፱፻፶፯ ዓ.ም. ወገኔን ላክም ብለው ወደ ደብረ ማርቆስ ተዛወሩ። በሁለተኛው ዓመት፥ ጥምቀት እንዳለፈ፥ የአምበሩ ገበሬ አቶ ቢያዝን ጣፊያቸው አብጦ ሆዳቸው የተነፋ ባለቤታቸውን ወይዘሮ አልጣሽን በቃሬዛ አምጥተው ዶክተሩ ፊት አስተኙ። የወይዘሮዋ ደም በማጉያ መነጽር ሲታይ በጽሑፉ ከተገለጸው ጋር አንድ ሆነ። ብርቱው መድኃኒት ሊታዘዝ ሲል ግን ዶክተር እንዳላማው ወይዘሮ አልጣሽ አዝመራውን የት እንደከረሙ ጠየቁ፤ በየዓመቱ የዓባይን ቆላ ወርደው እንደሚያርሱና ንዳድ እንደሚመላለስባቸው ሰሙ። ይህን ጊዜ የአዲስ አበባዎቹ በሽተኞቻቸውም አብዛኞቹ ቆላ ወራጆች እንደነበሩ ትዝ አላቸውና እጃቸው ከመድኃኒቱ ላይ ተመለሰ። ሕመሙ ነቀርሳ ሳይሆን የሰነበተ ወባ ያመጣው ቢሆንስ ብለው፥ በነቀርሳው መድኃኒት ፈንታ የወባ ኪኒን አዘዙ።

ሳምንታት አለፉ፤ የወይዘሮ አልጣሽ ሆድ አልጎደለም። አቶ ቢያዝን አንድ ቀን በሐኪም ቤቱ ደጃፍ ቆመው፥ «ጌታዬ፥ ለሌላው የሰጡትን መድኃኒት ለሚስቴ ለምን ይነፍጓታል? ድኻ ስለሆንን ነው?» ብለው ጠየቁ።

«ድኻ ስለሆናችሁ አይደለም። መድኃኒቱ እንዳይገድላት ፈርቼ ነው።»

«ካልዳነችስ?»

«ካልዳነች የምትጠይቀው እኔን ነው።»

ዶክተር እንዳላማው ከዚያን ቀን ወዲህ እህል በወጉ አልቀመሱም። ወይዘሮ አልጣሽ ቢሞቱ የበሽተኛ መድኃኒት ከልክለው የገደሉ ይባላሉ፤ ቢድኑ ደግሞ ዓለም የተቀበለው ጽሑፍ ስሕተት መሆኑ ይታወቃል፤ በብርቱው መድኃኒት የታከሙትና የሞቱት በሽተኞች ነገርም በኅሊናቸው ይቀሰቀሳል። ለፋሲካ የወይዘሮ አልጣሽ ሆድ መጉደል ጀመረ፤ ለሐምሌ አቦ በእግራቸው አምበር ገቡ።

ባልደረባቸው ዶክተር አካለ ወልድ ጉዳዩን ሲሰሙ፥ «ስምህን በገዛ እጅህ ልታፈርሰው ነው? ዝም ብትል ማን ያውቅብሃል? አንተን ጠቅሰው የጻፉትንስ ምን ልትላቸው ነው?» ብለው ተቆጧቸው።

ዶክተር እንዳላማው፥ «የጠቀሰኝ ሁሉ በሽተኛ አለው፤ እኔ ዝም ባልኩ ቁጥር እሱ መድኃኒቱን ይሰጣል» አሉ።

ብዙ ቆላ ወራጆችን መርምረው፥ ሕመሙ ከወባ የሚመጣ መሆኑን የሚያሳይ አዲስ ጥናት በ፲፱፻፷ ዓ.ም. በዚያው መጽሔት አወጡ፤ የፊተኛው መሳሳቱንም በግልጽ ጻፉ። ዳሩ ግን የተሳሳተው ጽሑፍ ቀድሞ ሥር ሰድዶ ነበርና፥ ማረሚያውን ያላዩ ሰዎች የፊተኛውን መጥቀሳቸውን አልተዉም። ስለዚህ መጽሔት በመጣ ቁጥር የየጽሑፉን መጨረሻ ገልጠው ከተጠቀሱት መካከል ስማቸውን ይፈልጋሉ፤ ሌላው ቢያገኘው የሚኮራበትን ስም ባገኙት ቁጥር ለጸሐፊው ደብዳቤ ይልካሉ። አንዳንዱ አመስግኖ መድኃኒቱን ማቆሙን ጻፈላቸው፤ አንድ ሽማግሌ ሊቅ ግን የፊተኛው ጽሑፍዎ ይሻላል ብለው መለሱላቸው። ለእሳቸውም ደግመው ጻፉ።

ዘንድሮ በየካቲት ልባቸው ታመመ፤ ከአልጋ ዋሉ። ዐይናቸው ስለደከመ መጽሔቱን ባለቤታቸው ያነቡላቸው ነበር። ከትናንት በስቲያ ወይዘሮ ያለምወርቅ አንድ ገጽ ላይ ደርሰው መጽሔቱን ከደኑት።

«ጠቀሱኝ?»

«አሁን ይረፉ፤ ሲሻልዎት እንጽፍላቸዋለን።»

«የትኛውን ጠቀሱ?»

«የፊተኛውን።»

«በይ ወረቀት አምጪ።»

ትንፋሻቸው ሲያጥር እየቆዩ፣ ቃል ሲጠፋባቸው እያረፉ አስጻፉ፤ ፈረሙበትም። በማግስቱ፥ በመጋቢት መድኃኔ ዓለም፥ በተወለዱ በአርባ ዘጠኝ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። ወይዘሮ ያለምወርቅም ማቅ እንደለበሱ ፖስታ ቤት ሄደው ደብዳቤውን ላኩት።

ዶክተር እንዳላማው ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ እናታቸውን ወይዘሮ ሥራነሽንና ታናሽ ወንድማቸውን አቶ አንሙትን ትተው አልፈዋል። በስሕተታቸው ለተጎዱት ሁሉ አብረን እንድንጸልይ አደራ ብለውናልና፥ የሰውን ልጅ ሥራውንም ስሕተቱንም የሚያውቅ አምላክ የእነዚያን ነፍስ ከወንድማችን ነፍስ ጋር በምሕረቱ ጥላ ያሳርፍልን፤ ለቤተሰቡም መጽናናትን ይስጥልን። አሜን።