ከታች የተጻፈው ይቀድማል

«‹መደመር ይቅደም ወይስ ማባዛት? ግራ ገባኝ› የሚለው ማስጠንቀቂያ ጠፍቷል አልኩሽ፤ ኸላስ፣ አለቀ!»

«የጠፋው አንተ ቅደም ተከተል ስለሰጠኸው ነው። ልክ ነህ አላለህም።»

ከሶባ በተነሳው ሚኒባስ ከፊቴ የተቀመጡ፣ በሰው አገር ያገኘኋቸው የአገሬ ልጆች ናቸው፤ አንድ ወንድና አንዲት ሴት። የሚጨቃጨቁት ልጁ ለሥራ ፈተና በሠራው፣ የተጻፈ ሒሳብ አንብቦ በሚያሰላ ፕሮግራም ላይ ነው።

«ሁለት ሲደመር ሦስት ሲባዛ አራት በለው እስቲ» አለችው።

ላፕቶፑን ጭኑ ላይ አድርጎ ጻፈ።

«ስንት አለህ?»

«ሃያ።»

«አሥራ አራት ነው መልሱ። ቀድሞ ደመረልህ።»

«ማባዛትን እኮ በፕሮግራሙ የቅደም ተከተል ሕግ ውስጥ ከመደመር በላይ ነው የጻፍኩት። ታላቅ አይደል? ታላቅ ከላይ ይቀመጣል።»

«ሠርግ ቤት መሰለህ እንዴ፣ ወንድምዓለም? ይሄ ፕሮግራሙን የሠራህበት መሣሪያ የሚያስቀድመው ከታች የተጻፈውን ነው። ሁለቱን መስመር አገላብጣቸው።»

«አሁን? መውረጃዬ አርካዊት ደርሰን? ነክቼው ጭራሽ እምቢ ቢለኝስ? ሥራውን የሚሰጡኝ እኮ ይሄን አይተው ነው።»

«ሁለት መስመር ነው፣ ወላሂ! አምጣው እኔ ላስተካክለው።»

«ተዪኝ፣ እቴ! ማባዛቱን ቅንፍ ውስጥ እያስገባሁ አሳያቸዋለሁ። ቅንፍ ካለው ልክ ይመጣል።»

«እነሱ ራሳቸው ያለ ቅንፍ ቢጽፉስ?»

«ኢንሻአላህ አይጽፉም።»

እንዲያቆምለት ለሾፌሩ ጣቱን አስጮኸ፤ ሚኒባሱ ሲቆም ላፕቶፑን አጥፎ ወረደ፤ በሩ ከኋላው ተዘጋ።

እኔም እስከ መውረጃዬ አል-ሳሃፋ ድረስ፣ እነዚያ ፈታኞች ቅንፍ እንዳይረሱ በልቤ እየለመንኩ ሄድኩ።