ኮቹን ትተው የሄዱት ሹፌር

እሺ፣ ሁላችሁም ብርጭቋችሁን ያዙ፤ ግን ገና አትጠጡ። አቶ መኳንንት፣ እርስዎም ይቀመጡ። ሰዓትዎን ሲያዩ አይቻለሁ፤ ጡረታ ወጥተዋል፤ ዛሬ የሚነዱት ባስ የለም።

ለማታውቁኝ እንግዶች፣ ዕፀገነት እባላለሁ፣ የባስ ካምፓኒው ዲስፓቸር፣ ሹፌሮቹን የማሰማራው እኔ ነኝ። አቶ መኳንንት ሥራ የጀመሩ ቀን ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ክራቫት አስረው ከች አሉ። ማናጀራችን የኢንሹራንስ ኢንስፔክተር መሰሉት። ቡና ቀዳላቸው፣ ባሶቹን እየዞረ አሳያቸው፣ መካኒኮቹም ሲጋራቸውን ደበቁ። እሳቸው ደግሞ ማታ ቤት ገብተው ለባለቤታቸው ለወይዘሮ ወለተጊዮርጊስ፣ "እዚህ አሜሪካ አዲስ ሠራተኛ እንዴት ይከበራል መሰለሽ" አሏቸው።

ጠባያቸውን ታውቁታላችሁ። መስተዋቱን በራሳቸው መሐረብ ካልወለወሉ ሞተር አያስነሱም። ፖፕኮርን ያፈሰሰ ተጫዋች ሳይለቅም አይወርድም። የኮሌጁን የአሜሪካን ፉትቦል ቡድን ይህን ያህል ዓመት አመላልሰው ጨዋታው እስካሁን አልገባቸውም። ባሱ ውስጥ ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ፤ ውጤቱን የሚያውቁት ልጆቹ ሲመለሱ ፊታቸውን አይተው ነው።

ሶ፣ የቡድኑ አሠልጣኝ ኮች ሃሊስ አዲስ የመጣበት ዓመት። እዚያ ጥግ ያለው እሱ ነው፤ የአቶ መኳንንት ልጅ ዜማ እየተረጎመችለት ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ቡድኑ አንድም ጨዋታ አላሸነፈም፤ ልጆቹም ባሱ ጋ የሚመጡት ደስ ባላቸው ሰዓት ነበር። ኮቹ ሁሉንም ሰብስቦ ለአቶ መኳንንት፣ "ሰዓቱ ሲደርስ በሩን ዝጋ። ማንም ይሁን ማን" አላቸው። በሚቀጥለው ጉዞ አንድ ልጅ ቦርሳውን ተሸክሞ እየሮጠ ሲመጣ በሩ ተዘጋ። ልጁ ፓርኪንጉ ላይ ቆሞ አለቀሰ።

በሳምንቱ ለጨዋታ ወደ አቢሊን ከተማ ሊሄዱ ነው። አቶ መኳንንት በሬዲዮ ኮል አደረጉኝ፦ ሰዓቱ ደርሷል፣ ኮቹ ግን የለም። የረሳውን ወረቀት ሊያመጣ ቢሮው ተመልሷል።

"ይጠብቁት እንጂ፣ ያዘዘው እኮ እሱ ነው" አልኳቸው።

እሳቸው መለሱልኝ፦ "ያን ልጅ ትቼው ሄጃለሁ፣ ዕፀገነት። ዛሬ አለቃውን ብጠብቅ ልጁን በምን ዓይኔ አየዋለሁ?"

በሩን ዘግተው ሄዱ።

አሁን እንስቃለን እንጂ ያን ቀን አልሳቅንም። ማናጀሩ የኮሌጁ ኮንትራት ሊሄድብን ነው፤ ለሰኞ ሌላ ሹፌር ፈልጊ አለኝ። ወይዘሮ ወለተጊዮርጊስ ያኔ ሥራ አልነበራቸውም፣ ዜማም ገና ተማሪ ነበረች። የቤቱ ገቢ በሙሉ የዚያ ባስ መሪ ነበር። አቶ መኳንንት ይህን ከማናችንም በላይ ያውቁታል።

ኮቹን ሚስቱ በቫን እየነዳች አደረሰችው፤ ጨዋታው ግን ተጀምሮ ነበር። ቡድኑ ተሸነፈ። ሲመለሱ ኮቹ ባሱ ላይ ወጣ። አቶ መኳንንት ቁልፉን ነቅለው ሊያስረክቡ በእጃቸው ይዘውት ነበር። ኮቹ ወደ ልጆቹ ዞሮ፣ "ዛሬ ያረፈድኩት እኔ ነኝ። ሹፌሩ ልክ ነው። ሰኞ ልምምድ ላይ ያረፈደ በቅጣት የሚሮጠውን እኔም እሮጣለሁ" አለ። ሮጠም። ያ ፓርኪንጉ ላይ የቀረው ልጅ አብሮት ሮጠ።

ሻምፒዮን አልሆኑም፤ ከአሸነፉት የተሸነፉት ይበልጣል። ግን ከዚያ በኋላ ያረፈደ የለም፣ የመጨረሻዎቹንም ጨዋታዎች አሸነፉ። ኮንትራቱ ሲታደስ ኮቹ የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ያንኑ ሹፌር።

አቶ መኳንንት፣ እኔ ስኬጁል የማወጣ ሰው ነኝ። የአክስቴ ልጅ እዚህ ሲቀጠር ቅዳሜ ቅዳሜ እንዳላሠራው ለመነኝ። እርስዎ ትዝ አሉኝና እንደማንኛውም ሰው የቅዳሜ ተራ ውስጥ አስገባሁት። ዘመዶቼ ተቀየሙኝ፤ ሹፌሮቹ ግን ከዚያ ወዲህ የማወጣውን ስኬጁል አምነው ይቀበላሉ። ይህን ያገኘሁት ከእርስዎ ነው። አመሰግናለሁ፣ ከልቤ።

ኮች ሃሊስ ዛሬ ከሁላችን ቀድሞ ነው የመጣው። እኛ ወንበር ሳንደረድር በር ላይ ቆሞ አገኘነው።

እንግዲህ ብርጭቋችንን እናንሳ። ሮውሌት ከተማ ባለው አዲሱ ቤታችሁ ከወይዘሮ ወለተጊዮርጊስ ጋር ጤናና ሰላም ይስጣችሁ፤ ጠዋት እስከፈለጉት ሰዓት ይተኙ። እዚህ ብቅ ሲሉም አይቸኩሉ። እርስዎ ማንንም አልጠበቁም፤ እኛ ግን እርስዎን እንጠብቃለን።

ለአቶ መኳንንት!