ነብሮን ከቤዛ ልናስታርቅ የሄድን ጊዜ

በእኛ ጊዜማ ሰው ስም ጠርቶ ከፎከረ ቀልድ አልነበረም። ስም ካልጠራ ይፎክር፤ ሠርግ ነው፣ ጠላ ነው፣ ይለፍለት። ስም ከጠራ ግን በማግስቱ ሽማግሌ ይነሳል። ያውም ወደ ፎካሪው አይደለም የሚኬደው፤ የፎካሪ ደሙ የፈላ ነው፣ አይሰማም። ወደተፎከረበት ነው የሚኬደው። "አንተ ቻል፣ አንተ ዝቅ በል" ተብሎ ይለመናል። እኔ መርሐቤቴ ገጠር ይህን እያየሁ ነው ያደግሁት፣ እና ይህንኑ ይዤ ነው እዚህ ዓለም ከተማ ልጄ ቤት፣ ኮንዶሚኒየም የገባሁት። ጥፋቴም ከዚያ ይጀምራል።

ልጄ እታገኝ መምህርት ናት። የእሷ ልጅ ቤዛ ደግሞ ኮሌጅ ጨርሳ ሥራ እየፈለገች ነበር። ታዲያ ቤዛ ከሰፈሩ ስድስት ልጆች ጋር ሆና ዘፈን ጀመረች፤ ዘፈንም አይሉት፣ ንግግርም አይሉት፣ ድሪል ነው ይሉታል። የቡድናቸውን ስም "ኮሚናል" አሉት። ኮሚናል ያው በግ የምናርድበት፣ ልብስ የምናጥብበት የጋራ ቤታችን ነው፤ ድምፅ ያስተጋባል ብለው እዚያ ነበር የሚቀዱት።

አንድ ቀን ቤዛ ልብስ እያሰጣች እሰማታለሁ፤

ነብሮ ብሎክ ሦስት፣ ደረጃው ላይ ቆየኝ፣
ስወጣ ላልምርህ፣ ስወርድ እንዳታየኝ!

ኧረ በስመአብ! ስም ጠራች፣ ቤቱንም ጠራች! ነብሮ ማለት የወይዘሮ አስካለ ልጅ ነው፣ አውቀዋለሁ፤ ሁልጊዜ ሰላም የሚለኝ ልጅ። እሷን ልጠይቅ? አይጠየቅም፣ ፎካሪ ናታ! እና ቶሎ ብዬ ጎረቤቴን አቶ ተሰማንና መምሬ ኃይሌን ጠራሁ፤ ሦስት ሆነን ጋቢያችንን ደርበን፣ ምርኩዛችንን ይዘን ብሎክ ሦስት ወጣን።

ወይዘሮ አስካለ በሩን ከፈተች። ነብሮ ሽርጥ ታጥቆ ድንች ይልጣል።

"ግቡ አባቶቼ! ተቀመጡ እንጂ!"

"ሳትሰሙን አንቀመጥም" አልኩ። ወግ ነዋ!

ሴትዮዋ ዓይኗ ፈጠጠ። መምሬ ኃይሌ ደግሞ፣ እሳቸው ሲናገሩ ረጋ ብለው ነው፣ "ልጃችሁ የእኛም ልጅ ነው፣ ልጃችን ቤዛም የእናንተ ልጅ ናት፤ የሁለቱን ነገር በሰላም እንጨርሰው ብለን ነው" አሉ። እንግዲህ እናንተ ፍረዱ! ሦስት ሽማግሌ በር ላይ ቆሞ፣ አልቀመጥም ብሎ፣ "ልጃችሁና ልጃችን" ካለ ሰው ምን ያስባል?

"ወይኔ ጉዴ!" አለች ወይዘሮ አስካለ፣ እጇን ጭንቅላቷ ላይ ጭና። "ሴት ናት ዛሬ ሽማግሌ የምትልክ? ልጄ እኮ ገና ሥራ እንኳ የለውም!"

"አይደለም" አልኩ ደንግጬ፣ "ደም እንዳይፈስ ብለን ነው።"

"ደም? ምን አድርጓት ነው?"

ባስተካከልኩት ቁጥር ይብስ ጀመር። ልጁ ቢላዋውን አስቀመጠና፣ "አባባ፣ ምን ሆነው ነው?" አለኝ።

"ቤዛ ፎክራብሃለች ልጄ። አንተ ቻል።"

"አባባ፣ እኔ እኮ የኮሚናል አባል ነኝ። ያን ግጥም የጻፍኩላትም እኔ ነኝ።"

"በራስህ ላይ?"

"አዎ። የእሷ ስድብ ለስለስ ብሎብኝ አጠነከርኩት።"

(ሳቅ) ሳቁ፣ ሳቁ! እኔ ግን ያን ጊዜ አልሳቅሁም። ከሰዓት ሳይደርስ ወሬው በየደረጃው ወጥቶ ወረደ፤ "ቤዛ ለነብሮ ሽማግሌ ላከች!" እታገኝ ከትምህርት ቤት ስትመጣ ፊቷ ቲማቲም መስሏል። "አባባ፣ ተማሪዎቼ 'እንኳን ደስ አለዎት' አሉኝ! አስተማሪ ነኝ እኮ!" አለችና ወደ ቤዛ ዞረች፤ "ከዛሬ ጀምሮ ኮሚናል የሚባል የለም። አበቃ።"

ቤዛ ብትጮህ ደግ ነበር። አልጮኸችም። "አባባ፣ ሞላሌ መድረክ ላይ ጠርተውን ነበር። ከዚህ ከተማ ውጪ ሲጠሩን የመጀመሪያችን ነው" ብላኝ ልብሷን ማጣጠፍ ያዘች። ታዲያ እኔ እህል ከአፌ አልገባ አለ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የነዋሪ ስብሰባ ተጠራ፤ የጋራ ቤቱ ይቆለፍባቸው ወይስ አይቆለፍባቸው ነው ነገሩ። ሊቀ መንበሩ ጡረተኛው ሻምበል በላቸው ነው። መነጽሩን አድርጎ ከደብተር አነበበ፤ "አንደኛ፣ ስድብ። ሁለተኛ፣ ዛቻ።" ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። "እርስዎ ራስዎ አደጋ ነው ብለው ሽማግሌ ሰብስበው አልሄዱም?"

አያችሁ፣ ምስክሩ እኔ ሆንኩ! ተነሳሁ። ላስረዳ ብል እንደ አስካለ ቤት ይብስብኛል ብዬ ምርኩዜን ወደ ላይ ሰቀልኩ፤

ዘራፍ!
ሊቀ መንበር ብሎ በደብተር ሚያስፈራ፣
እኔ ስነሳበት ይጠፋዋል ተራ!

ሻምበል መነጽሩን አወለቀ። አለቀልኝ አልኩ። ለካ እሱም የእኛው አገር ሰው ነው፣ እግሩ አላስቀምጥ ብሎታል! ደብተሩን ወርውሮ ዘሎ መሐል ገባ፤

ምርኩዝህን ያዘው፣ ጉልበትህ ሳይከዳህ፣
ከሦስተኛው ፎቅ ላይ ማን አውርዶ ይርዳህ!

እልልታው! ወይዘሮ አስካለ ራሷ እልል አለች! እኔና ሻምበል ተቃቅፈን ቀረን።

"ሻምበል፣ ተጣላን እንዴ?"

"ኧረ በመድኃኔዓለም! ምነው?"

"እንግዲያውስ ልጆቹም እንደዚሁ ናቸው።"

የጋራ ቤቱ አልተቆለፈም። ልጆቹ ለካ በስልክ ቀርጸውን ኖሯል፤ ከሥር ያንን ድም ድም የሚል ነገራቸውን አስገብተው ለቀቁት። ሳምንት ሳይሞላ ራቤል የምትኖረው እህቴ ደወለች፤ "ወንድሜ፣ በዚህ ዕድሜህ ምን ሆነህ ነው?" አለችኝ። እታገኝም ሦስቴ ስታየው ያዝኳት፣ ያላየኋት መስሏት። በመጨረሻ "ትሂድ። ግን እርስዎ ዋስ ሆነው አብረው ይሄዳሉ" አለች።

እና ሄድኩ! ከሰባት ጎረምሳ ጋር በአውቶቡስ፣ ወገቤ እየተንቀጠቀጠ፣ ሞላሌ! መድረክ ላይ ሲወጡ ሕዝቡ አየኝና "ሽማግሌው! ሽማግሌው ይፎክሩ!" አለ። ቤዛ "አራት ስንኝ ብቻ፣ እሺ አባባ?" አለችኝ። እሺ አልኩ። ግን እናንተዬ፣ ያ ሁሉ ሰው ሲያጨበጭብ እንዴት ይቆማል? ትዝ ያለኝን ሁሉ አወረድኩት። ቤዛ በኋላዬ ጋቢዬን ትጎትታለች፤ እኔ ንፋስ መስሎኛል። ለካ የልጆቹን ሰዓት እየበላሁ ነው! ስንመለስ እስከ ደብረ ብርሃን አላናገረችኝም። ግን ደግ ነው፣ ሦስት ዘፈን ተፈቅዶላቸው ሁለቱን ዘፈኑ።

(ቤዛ፣ ከጓዳ) "አንድ ነው አባባ! አንድ!"