በጋቢ ላይ የታየው ፊልም

ነይ ግቢ ሁዳ… እንዴት አደርሽ? ልጆቹ ደህና ናቸው? አልሐምዱሊላህ በይ። ብርዱ እኮ አጥንት ሰርስሮ ገባ እቴ! ይሄ ጉም ዘንድሮ ምን ነካው? ትናንት የደሴው አውቶብስ መብራቱን አብርቶ እየተንፏቀቀ ነው መካነ ሰላም የገባው አሉ። ቀሚሱ ይሄ ነው? እስቲ ወደ ብርሃኑ ቁሚ… አዎ፣ ረዝሟል። የደሴ ልብስ ሰፊ ቁመት አይለካም፤ ሁሉን ሰው በሚስቱ ልክ ነው የሚሰፋው። እኔ አልታየች እዚህ አፍንጫሽ ሥር ቁጭ ብዬ ደሴ ድረስ ምን አስኬደሽ? ግድ የለም፣ አልተቀየምኩም። ቀጥ በይ፣ ጫፉን በስፒል ልያዘው። አትነቃነቂ፣ እወጋሻለሁ።

ምነው በሹክሹክታ ታወሪያለሽ? አሃ… ከግድግዳው ወዲያ የፈንታሁን ፀጉር ቤት ስላለ? ኧረ አብሽሪ! ቆርቆሮ ነው፣ ቆርቆሮ ምን ያሳልፋል? ደግሞስ በዚህ ጠዋት ማን ይኖራል ብለሽ ነው። ፂማቸውን ማልደው የሚላጩ አንድ ትልቅ ሰው ብቻ ናቸው፤ እሳቸው ደግሞ የሰው ወሬ የሚሰሙ ዓይነት አይደሉም። እሳቸው ይናገራሉ እንጂ መቼ ይሰማሉ?

ጨዋ ሰው ናቸው እኮ። አገሩ ሁሉ ጨዋነታቸውን የሰማው ከራሳቸው አፍ ነው። ታዲያ ከባለቤቱ በላይ ማን ሊያውቅ ነው?

የማያውቁት ነገር የለም፤ ፊልም ብትይ፣ ፖለቲካ ብትይ፣ የሰው መኝታ ቤት ብትይ… ያ የቱርክ ድራማ አለ አይደል፣ በአማርኛ የሚያወራው፣ ሴትዮዋ ለሁለት ወንድማማቾች የምታለቅስበት? አንድ ክፍል አያልፋቸውም። መብራት የጠፋ ዕለት ጄኔሬተር ያለበት ቤት ፈልገው ነው የሚያዩት። ወድደውት እንዳይመስልሽ! ሊያወግዙት ነው። ሳያዩ ማውገዝ ኃጢአት አይደል? ባለፈው ባለቤታቸው «ምሳ ቀርቧል» ብትላቸው፣ «ዝም በይ፣ ባህላችን እየጠፋ ነው!» ብለው ጮኹባት አሉ… ዐይናቸውን ከቴሌቪዥኑ ሳይነቅሉ። ምሳው ቀዘቀዘ። ለባህል እንዲህ የሚቆረቆር ሰው ዛሬ ከየት ይገኛል?

በፖለቲካማ ጽኑ ናቸው። አቋማቸውን አንድ ቀን ቀይረው አያውቁም፤ ሁልጊዜ ካለው ጋር ናቸው። ያለው ነው እየሄደ የሚያስቸግራቸው። ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ ይባል የለ? እሳቸው ተረቱን አክብረው እስኪወርድ ይጠብቃሉ፤ ከወረደ በኋላ ግን አቤት ሲከሱ! ስብሰባ ላይ ቀድመው የሚያጨበጭቡት እሳቸው፣ ዘግይተው የሚያቆሙት እሳቸው። አንዴማ ሰብሳቢው ገና ጉሮሮውን ሲጠርግ አጨበጨቡ። ምን ነውር አለው? የባለሥልጣን ጉሮሮም ይከበራል።

ደግሞ ወሎ አይደለን? የመጣውን እንግዳ እግር አጥበን ነው የምንቀበል። እሳቸውም ያጥባሉ፤ ውሃውን ብቻ አይደፉትም፣ ለሚቀጥለው ያስቀምጡታል… ኧረ ዝም ብለሽ ቁሚ ሁዳ፣ ስትስቂ ጫፉ ይዛነፍብኛል።

ታዲያ እንዲህ ባሉ ሰው፣ አዳራሽ ውስጥ በሆነችው ትንሽ ነገር አገር ለምን እንደሚስቅ አይገባኝም። አንቺ አልነበርሽም አይደል? ወረኢሉ ሄደሽ ነበር፣ የባልሽ እናት ታመው። ልንገርሻ።

ሐረግ፣ የእህቴ ልጅ፣ ከደሴ የመጡት ልጆች እዚሁ በሠሩት ፊልም ላይ ገብታ የለ? ባሏ ዐረብ አገር ሄዶ የቀረባትን ሴት ሆና። አቤት ስታለቅስ! እኔ ያሳደግኋት እንኳ፣ እውነት ባል ነበራት እንዴ ብዬ ልጠይቃት ደረስኩ። መጨረሻው ላይ ሰውየው ይመጣል፤ ሻንጣውን ደጃፍ ላይ ጥሎ ይቆማል፤ እሷ ሮጣ ትስመዋለች። አዎ፣ ከንፈሩን! ታዲያ ምኑን ትሳመው? ግንባር ግንባሩን የሚሳም ሬሳ ነው። እሱ በሕይወቱ ነው የመጣው!

ለነገሩ እሳቸው ቢጽፉት ኖሮ ፊልሙ ያምር ነበር። ባልየው ሲመጣ ሚስቲቱ «እንኳን ደህና ገቡ» ብላ እጅ ትነሣለች፤ እሱ «እግዜር ይመስገን» ይላል፤ ከዚያ ተያይዘው ስብሰባ ይሄዳሉ። አለቀ። ልጅ ከየት ይመጣል እንዳትይኝ… እሱን ቆይተን እናያለን።

አዳራሹ ውስጥ ያ መሳም ሲታይ ነው እሳቸው ከፊት ወንበር ዘለው የተነሡት። ሼሁም ነበሩ፣ ቄሱም ነበሩ፤ ሁለቱም አንገታቸውን ደፍተው መሬት መሬት ያዩ ነበር፤ በጎን ቀና ቀና ማለታቸውን እንጃ። እሳቸው ግን፣ «ሕፃናት አሉ! ሕፃናት አሉ!» እያሉ ሄደው መጋረጃው ፊት ቆሙ። ፊታቸውን ወደ መጋረጃው፣ ጀርባቸውን ወደ እኛ አድርገው፣ ጋቢያቸውን በሁለት እጃቸው ግራና ቀኝ ዘረጉት። ሊከልሉልን እኮ ነው! ፕሮጀክተሩ ግን ከእኛ ኋላ ነው ያለው… ብርሃኑ የሚመጣው ከኋላ ነው… ገባሽ? መጋረጃ ተብሎ የተሰቀለው ያደፈ አሮጌ አንሶላ ነበር። የእሳቸው ጋቢ ደግሞ ባለቤታቸው በዋዜማው ያጠበችው፣ እንደ ወተት የነጣ። እስከዚያ ድረስ ድብዝዝ ብሎ የነበረው ፊልም ጥርት አለልሽ! የሐረግ ከንፈር ከግራ ትከሻቸው ተነሣ፣ የሰውየው ከቀኝ ትከሻቸው ተነሣ፣ መሐል ጀርባቸው ላይ ተገናኙ። እሳቸው በቁጣ በተነፈሱ ቁጥር ጋቢው ከፍ ዝቅ ይላል፤ መሳሙ ነፍስ ዘራ እልሻለሁ።

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ጭብጨባ ሲሰሙ እንዴት እንደሚሆኑ ታውቂያለሽ… ሕዝቡ ደገፈኝ ብለው ጋቢውን ይበልጥ ወጠሩት! «ትንሽ ወደ ግራ ጋሼ!» ይላል አንዱ ከኋላ፤ ወደ ግራ ይሄዳሉ። «ከፍ ያድርጉት፣ እግሩ አልታየንም!» ይላል ሌላው፤ ከፍ ያደርጉታል። ለጥበብ ጀርባቸውን የሰጡ ሰው ቢኖሩ እሳቸው ናቸው። መብራት በርቶ ዞር ሲሉ ነው ነገሩ የገባቸው። ከዚያ ወዲህ ከተማው «ስክሪኑ» ይላቸዋል አሉ። እኔ አላልኩም፣ ሰው ነው። እኔ ልብስ እንጂ ነገር አልሰፋም።

ሳቁ ሳቅ ነው። ግን የማን ራስ ላይ ወረደ?

ባህሩ መምህሩን ታውቂው የለ? ሐረግን ወድዷት፣ እሷም ወድዳው፣ ለእሑድ ሽማግሌ ሊልክ ቀን ተቆርጦ ነበር። ቤቱን ለቅልቄ፣ ወንበር ከጎረቤት ለምኜ፣ ሐረግ ፀጉሯን ተሠርታ… እሑድ መጣ፣ ሽማግሌ የለም። በማግስቱ በሰው አፍ ላኩብን፤ «ፊልም ላይ የተሳመች ሴት ለልጄ አትሆንም» ብለዋል አባትየው። ምን አልሽ? «የባህሩ አባት እኮ…» ነው ያልሽው? እኔ ስም ጠራሁ? እኔ የማወራው ስለ አንድ አባት ነው፤ ጋቢ የዘረጉት ደግሞ ሌላ ሰው ናቸው። አገሩ በጨዋ የተሞላ ነው፣ ምን ይታወቃል?

ባህሩማ ምን ይበል? ልቡ መልካም ነው፣ ክፉ አልናገረውም። ግን ያሳደጉት አሳድገውት፣ ያ ሁሉ ፂም ያለው ሰው ፂሙን ለመላጨት እንኳ አባቱን ያስፈቅዳል። ከጓዳዬ በር ቆሞ «እማማ፣ አባቴን እንዴት አድርጌ ልለፋቸው?» ብሎኝ ዕንባው መጣ። እኔ ምን ልበለው? በጀርባቸው በኩል እለፍ፣ ሰፊ ነው ልበለው?

ሐረግ ከዚያ ወዲህ ደጅ አልወጣችም። ምግብ አቀርባለሁ፣ እንዳለ አነሣዋለሁ። ትናንት ማታ «አክስቴ፣ እውነት ምን አጠፋሁ?» አለችኝ። ልጄ፣ ጥፋትሽ የውሸት መሳምሽ ነው፤ ሰው ባላየበት የእውነቱን ብትስሚ ኖሮ ዛሬ ሽማግሌ ደጄን ያጣብበው ነበር ልበላት? ተቃጠልኩ ሁዳ! ያቺን ልጅ ስታለቅስ ሳያት በዚህ መቀስ ሄጄ የአንዱን… ተይኝ። አስተግፊሩላህ በይልኝ። አንዷ ስፒል ወደቀች፣ እንዳትረግጫት።

ባይሆን አትፍረጂባቸው፤ እንዲህ ያለውን ነገር አጥብቀው ነው የሚጠሉት። ሲስተር ሰብሌ ወጣቶቹን ሰብስባ ስለ… ስለ እሱ ነገር፣ ስለ ጥንቃቄው ልታስተምር መጥታ አልነበር? ገና ኮንዶሟን ከቦርሳ ስታወጣ፣ «በእኛ ባህል ይህ አይወራም!» ብለው ወንበር ገፍትረው ወጡ። እውነታቸውን ነው። በእኛ ባህልማ መቼ ይወራል? ይሠራል እንጂ! ሁላችንም በዝምታ አይደል የተወለድነው?

ሲስተር ሰብሌ ዘግይታ መጣች እንጂ ሰዉስ ይማር ነበር። ያኔ ድሮ፣ እሳቸው ለሥራ ተመድበው ወግዲ በነበሩ ጊዜ ብትደርስ ኖሮ… ውይ፣ ወግዲ ስል አስታወሰኝ! ባለፈው ለለቅሶ ወግዲ ሄጄ አንድ ባጃጅ ተሳፈርኩ። ነጂው ሚስትና ልጆች ያሉት፣ ሙሉ ሰው ነው። ሱብሐነላህ በይ! ጆሮው ወደ ፊት ገፋ ያለ፣ ሲያወራ ግራ ቅንድቡ ወደ ላይ የሚሸሽ፣ ማንም ሳይጠይቀው ስለ መንግሥት አስተያየት የሚሰጥ! የት ነው የማውቀው፣ የት ነው የማውቀው ስል መውረጃዬን አለፍኩ። «የማን ልጅ ነህ?» ብለው፣ «የንግሥቴ» አለኝ። «በአባትህስ?» ብለው ሳቀ። «አባቴ ጨዋ ሰው ነው አሉ፤ እንዳያፍር ብላ እናቴ ስሙን ደብቃኛለች» አለኝ።

ጨዋ ሰው! ወግዲም ጨዋ አለ ማለት ነው። የሚያድግ ጥጃ ከገመዱ ያስታውቃል ይላሉ፤ እኔ ግን ገመድ የሚባል ሳላይበት ከጆሮው ለየሁት። ምን ታፈጥጫለሽ? የማንም ጆሮ ከማንም ጆሮ ይመሳሰላል። ፈጣሪስ ስንት ዓይነት ጆሮ ይሥራ?

እኔ ያን ዕለት ያሰብኩት ስለ ንግሥቴ ነው። ጨዋ ማለት እሷ ናት። ፊልም ላይ አልታየች፣ ሲስሟት ያየ የለ፣ የጮኸ የለ፣ «ሕፃን አለ!» ያለም የለ… ሕፃኑ ግን ነበረ። ብቻዋን አዝላ፣ ብቻዋን አስተምራ፣ ብቻዋን ዳረችው። ያኔ አንድ ጋቢ የሚዘረጋላት ሰው ብታገኝ ምናለ? ብርድ እኮ ነው ወግዲም ቢሆን።

በይ ጨረስኩ፣ ቀስ ብለሽ አውልቂው… ቆይ፣ ቆይ። የፈንታሁን ምላጭ ዝም አለ እኮ? ወንበሩም ተንቋቋ። ኧረ በሞትኩት! ቆርቆሮም ያሳልፋል እንዴ?

ጋሼ! እዚህ ነበሩ እንዴ? እኔ ምስኪን ከየት ላውቅ! ይግቡ እንጂ፣ ደጃፍ ላይ ምን ያስቆምዎታል… ኧረ ሳሙናው ግማሽ ፊትዎ ላይ ቀርቷል! እንዴት አደሩ? ባለቤትዎ ደህና ናቸው? ባህሩስ ደህና ነው? እኛ እንግዲህ የሴት ነገር፣ ስለ ቀሚስ ስንቀባጥር ነው ያረፈድነው።

ስለ ሐረግ ምንም እንዳያስቡ። በአባት ይፈረዳል እንዴ? ያልወደዱትን አልወደዱም። እኔ ድሃ ነኝ፣ የምሰጥዎ ምርቃት ነው ያለኝ። እጅዎን ይዘርጉ ጋሼ… ሁዳ፣ አንቺም ዘርጊ፣ ዱዓ ነው። ዕድሜ ከጤና ይስጥዎ። ቤትዎን ይሙላልዎ፣ ስምዎን የሚያስጠራ አያሳጣዎ። ለባህሩ እርስዎ የወደዷትን ይስጠው። የሠርጉም ቀን ደርሶ፣ ድንኳኑ ተጥሎ፣ አገር ሙሉ በተሰበሰበበት፣ እርስዎ ከባለቤትዎ ጎን ካባ ደርበው ሲቀመጡ… ከአብራክዎ የወጣ ሁሉ፣ የቅርቡም የሩቁም፣ አንድም ሳይቀር ተሰልፎ ጉልበትዎን ይሳም።

አሜን ይበሉ እንጂ፣ ጋሼ!