ሦስትን ስምንት ያስመሰለች ታርጋ

ጋሽ ፍቃዱ ሠላሳ ዓመት በሐዋሳ የሱቅና የምግብ ቤት ስም በቡሩሽ ሲጽፉ ኖረው፣ የታተመ ባነር ገበያውን ሲወስድባቸው ባጃጅ ገዙ። እጃቸው ግን ሥራ አይፈታም። ታርጋዋ ብትደበዝዝባቸው ራሳቸው ቀቧት፤ የቁጥሮቹን ጭራ ጠምዘዝ፣ ጥግ ጥጉን በአበባ ሞላ አደረጉት። እውነት ለመናገር ያምር ነበር።

አንድ ቀን ፒያሳ ቆመው ተሳፋሪ ሲጠብቁ፣ የታቦር ሠፈር ጎረቤታቸው ልጅ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዋ ሐዳሳ ድንገት አገኘቻቸው።

«ጋሼ፣ ደህና ዋሉ? ለትምህርታችን አጭር ፊልም እየሠራን ነው። ሌባ የሚያመልጥበት ባጃጅ ቸግሮን ነበር፤ የእርስዎን ቢያውሱን? ታርጋውን እንሸፍነዋለን።»

«ምን በወጣው ይሸፈናል? እንዲህ ያማረ ታርጋ ከተማው ውስጥ የለም።»

ሐዳሳ ጎንበስ ብላ አየችና ሳቋን ዋጥ አደረገች። «አይቆጡኝና፣ ታርጋ የሚለጠፈው ሊነበብ ነው። ደንቡም ከሩቅ በግልጽ ይታይ፣ ማንም አይነካካው ይላል።»

«አንቺ ደግሞ! ፊልም አላየሁም እንዴ? ሰውዬው አንዲት ነገር ጫን ሲያደርግ ታርጋው ይገለበጣል፣ ፖሊሱ አፉን ከፍቶ ይቀራል፣ ተመልካች ያጨበጭባል። እናንተም ልትሸፍኑ ነው። ደንቡ የሚጠነክረው በእኔ አበባ ላይ ብቻ ነው?»

«እኛ የምንሸፍነው በፊልሙ ሌባ ሰበብ እውነተኛው ባለቤት እንዳይጠረጠር ነው፣ ጋሼ። መንገድ ላይ ግን ታርጋ የመኪና ስም ነው። የማያውቅዎ ሰው በምን ይፈልግዎት?»

«ፍቃዱን የማያውቅ በሐዋሳ አለ?» አሉ፤ ከልባቸው ነበር።

ክርክሩ ሳያልቅ ኢብራሂም የሚባል ሌላ ባለባጃጅ ፊቱን አጥቁሮ መጣ።

«ምነው ኢብራሂም፣ ደህና አይደለህም?» አሉት ጋሽ ፍቃዱ።

«ከፖሊስ ጣቢያ መመለሴ ነው። አንዲት ሴትዮ ቦርሳዋን ባጃጅ ውስጥ ረስታ፣ መጨረሻው ስምንት ነው ብላ የእኔን ቁጥር ሰጠች። ይኸው ሁለት ቀን ሌባ ተባልኩ። ልጄ እንኳ ‹አባ፣ እውነት ወስደሃል?› አለችኝ።»

ጋሽ ፍቃዱ ክው አሉ። «ቡናማ ቦርሳ?»

«እንዴት አወቁ?»

ከመቀመጫቸው ሥር አወጡት። የረሳችው ሴት ፈልጋ ትመጣለች ብለው ሳይከፍቱ አስቀምጠውት ነበር። የእሳቸውና የኢብራሂም ቁጥር የሚለያየው በመጨረሻው ብቻ ነው፤ የእሳቸው የሚያልቀው በሦስት ነው። ሦስቱም ሰዎች ዞረው ታርጋውን አዩት፤ የተጠማዘዘችው ሦስት ቁርጥ ስምንት ሆናለች።

«ሠላሳ ዓመት የሰው ስም ስጽፍ ኖሬ» አሉ ጋሽ ፍቃዱ ድምፃቸው ሰልሎ፣ «በዚያው ቡሩሽ የሰው ስም አጠፋሁ።»

ወዲያው ጣቢያ ሄደው ቦርሳውን አስረከቡ፤ ጥፋቱ የእሳቸው መሆኑንም ተናገሩ። ኢብራሂም ነፃ ወጣ። ሲመለሱ ጋሽ ፍቃዱ ሐዳሳን እንዲህ አሏት፦ «አሁን ገባኝ። ታርጋ ሲነበብ የረሳ ዕቃውን ያገኛል፣ የገጨ አያመልጥም፣ ንጹሕ ሰውም በሌላው ጥፋት አይጠየቅም። ነገ በማለዳ ለአዲስ ታርጋ አመለክታለሁ። ለፊልማችሁ ከፈለጋችሁ የማንም ያልሆነ ቁጥር እስልላችኋለሁ፤ አበባዬም እዚያው ያብብ።»

ሐዳሳ ሳቀች፤ ኢብራሂምም ሳቀ። እሳቸው ግን ገና አልቀለላቸውም ነበርና ከኢብራሂም ጋር አዲስ ከተማ ሠፈር፣ ቤቱ ድረስ ሄዱ። ልጅቷ በር ላይ ቆማለች።

«ልጄ፣ ቦርሳው እኔ ጋ ነበር። አባትሽ የሰው ዕቃ አልነካም።»

ልጅቷ አባቷ እግር ላይ ተጠመጠመች። ቀጥላም ቀና ብላ «ታዲያ ፖሊስ ለምን እርስዎን አልጠየቀም?» አለች።

«አሳምሬ ጽፌው ማን ያንብበኝ፣ ልጄ» አሉ ጋሽ ፍቃዱ።