በጉም ውስጥ ነጭ ጋቢ

ቋ! ቋ! ቋ! ብረት ከብረት ሲላተም ተሰማ። አነስ ጠይብ ከሱቁ ደጃፍ ቆሞ ጆሮውን አቀና፤ ዓይኑ ግን ምንም አላገኘም። ሐምሌ ከገባ ወዲህ ደባርቅ ረፋዱን ሁሉ ጉም ለብሳ ነው የምትውለው፤ ከመንገዱ ማዶ ያለው የእህል መጋዘን እንኳ የለም ቢባል ያስኬዳል። ከድምፁ ቀጥሎ የአሮጌ ሞተር ማቃሰት መጣ፤ ቆይቶም የአንድ ላንድሮቨር አፍንጫ ከነጩ ውስጥ ብቅ አለ።

«የጠይብ ልጅ! አለህ?»

«አለሁ ጋሽ ላቀው። እንዴት አደሩ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። እስቲ ሽቦ ካለህ ይህችን የኋላ ፓራውልት ጠፍረህ እሰርልኝ። ሌላ ነገር አልፈልግም፤ ልፍለፋዋን ብቻ ዝም አሰኝልኝ።»

ጋሽ ላቀው ከሠላሳ ዓመት በላይ የሊማሊሞን ቁልቁለት የወረዱና የወጡ፣ በመናኸሪያው ሾፌር ሁሉ ብድግ ብሎ የሚቀበላቸው ሰው ናቸው። አነስ ደግሞ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሶ፣ ጎንደር ሁለት ዓመት የመኪና ኤሌክትሪክ ተምሮ ዘንድሮ ሱቅ የከፈተ ወጣት ነው። የሚሸጣቸውን ኤልኢዲ መብራቶች ሽማግሌዎቹ ሾፌሮች የልጅ መጫወቻ ይሏቸዋል።

አነስ ወደ ኋላ ዞረ። ፓራውልቱ፣ የኋላው የግጭት መከላከያ ብረት፣ ተጣሞ በአንድ ብሎን ተንጠልጥሏል። ሁለቱም የኋላ መብራቶች ረግፈዋል። በትርፍ ጎማው ላይ ታጥቦ የነጣ ጋቢ በአራት ማዕዘኑ ተወጥሮ ታስሯል።

«ምን መታዎት?»

«ኧረ ምንም።»

«ምንም?» አለች ከመኪናው ውስጥ አንዲት ሴት፤ የኋላውን በር በክርኗ ገፋ አድርጋ። «ባለፈው ሐሙስ ሊማሊሞ ላይ፣ በጉሙ መሀል የጭነት መኪና ከኋላ አልገጨዎትም አባባ? እግዜር አወጣዎት እንጂ!»

ታንጉት ናት፣ የጋሽ ላቀው ልጅ። ለመጀመሪያ ልጇ አባቷ ቤት ገብታ ወልዳለች፤ ሕፃኑ በአርባ ቀኑ ክርስትና ተነሥቷል። ነገ ባሏ ወደሚጠብቃት ወደ ዛሪማ ልትወርድ ነው፤ እሷና ልጇ የሚቀመጡትም ያ የጭነት መኪና ከመታው ቦታ አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት፣ ከኋላው አግዳሚ ላይ ነው።

አነስ ሕፃኑን አየና ሽቦ ለማምጣት የጀመረውን እርምጃ ገታ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ ጋሽ ላቀው፤ ጋቢው ለምንድነው?»

«እንዴት ለምን? ከኋላ የሚመጣ እንዲያየኝ ነዋ! አባቴ ነጋዴ ነበር። በበቅሎ ጭኖ ሊማሊሞን ሲወርድ ከሁሉ ኋላ የሚሄደው ሰው ነጭ ጋቢ ይለብስ ነበር፤ ሌላው ቅፍለት መጥቶ እንዳይደርብባቸው። በዚህ ዘዴ አንድ በቅሎ እንኳ ገደል አልገባበትም።»

«መብራቱስ?»

«መብራት ባትሪ ይበላል። አንድ ክረምት መብራት አብርቼ ቆሜ፣ ባትሪው አልቆ ሊማሊሞ ወገብ ላይ ሰው ሲገፋኝ ዋለ። ከዚያ ወዲያ በቀን መብራት አብርቼ አላውቅም። ደግሞስ ጠባቂዬ ሚካኤል እያለ እኔ በአምፖል ልመካ?»

«ሚካኤል ይጠብቅዎት። ግን ጃናሞራ ያለው ገብስዎ ሲያሸት፣ ጭላዳ ዝንጀሮ እንዳይፈጀው ይጸልያሉ አይደል?»

«እጸልያለሁ።»

«ጠባቂስ አያቆሙም?»

«አቆማለሁ እንጂ! ጭላዳ ጸሎት ይሰማል እንዴ?»

«የጭነት መኪናም አይሰማም።»

ታንጉት ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። ጋሽ ላቀው ተቆጥተው ወደ እሷ ዞሩ፤ ግን እሳቸውም ጺማቸው ሥር ፈገግ ብለዋል። «ትምህርት ቤት ምላስ ነው እንዴ የሚያስተምሯችሁ?» አሉ።

«ምላሴን አይመኑ። ዓይንዎን ይመኑ። እባክዎ ከጋቢው ጀምረው ወደ መንገዱ እርምጃዎን እየቆጠሩ ይሂዱ፤ ጋቢው ሲጠፋብዎት ይቁሙ።»

ሽማግሌው «ጉድ ነው!» እያሉ የኋሊት መራመድ ጀመሩ። ቆጠራቸው ይሰማ ነበር፤ አሥራ ዘጠኝ፣ ሃያ፣ ሃያ አንድ፣ ሃያ ሁለት...

«ጋቢዬን አነሣኸው!» የሚል ጩኸት ከጉሙ ውስጥ መጣ።

«አልነካሁትም!»

«አንሥተኸዋል! አትዋሸኝ!»

«እዚሁ ነው አባባ! ጫፉ እጄ ላይ ነው!» አለች ታንጉት።

ጋሽ ላቀው እየተጣደፉ ተመለሱ። ጋቢው እንደታሰረ ነው። በእጃቸው ዳሰሱት። እንደገና ሄዱ፤ እንደገና ሃያ ሁለት ላይ ጠፋባቸው።

«አባትዎ አልተሳሳቱም» አለ አነስ ሲመለሱ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እሳቸው የሚጓዙት ማታና ንጋት ላይ ነበር። ጨለማ ጥቁር ነው፤ በጥቁር ላይ ነጭ ጎልቶ ይታያል። ጉም ግን ራሱ ነጭ ነው። ነጩን በነጭ ውስጥ ነው የደበቁት።»

ልማድን ሁሉ ሞኝነት የሚል ሰው ራሱ ሞኝ ነው። አባቶች ያቆዩልን አብዛኛው ነገር በተወለደበት ቦታ እውነት ነበር፤ ጥፋቱ የእኛ ነው፣ ለጨለማ የተበጀውን ለጉም፣ ለበቅሎ የተበጀውን ለሞተር የምናውለው። አነስ ይህን በልቡ ያውቀዋል፤ ሽማግሌውን ግን በምክር ብዛት ማሳፈር አልፈለገም። ከመደርደሪያው ሁለት ቀያይ መብራቶች አንሥቶ ከጋቢው ሥር ካስቀመጠው የመኪና ባትሪ ጋር አያያዛቸውና «አንዴ ብቻ ይሂዱልኝ» አለ።

ጋሽ ላቀው ሄዱ። ሃያ ሁለትን አለፉ። አርባን አለፉ። ድምፃቸው እየራቀ፣ እየቀጠነ ሰባ አምስት ላይ ደረሰ። «አሁንም አለች! እንደ ፍም ትታየኛለች!»

ሲመለሱ አነስ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቃቸው። «ጋሽ ላቀው፣ ይህን ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል። ጭነት ያለው መኪና ሊማሊሞን ሲወርድ፣ ሾፌሩ ፍሬን ከረገጠ በኋላ ሳይቆም ስንት እርምጃ ይሄዳል?»

«መንገዱ ርጥብ ከሆነማ አርባም፣ ሃምሳም...»

አልጨረሱትም። ጋቢው የሚጠፋበት ሃያ ሁለትና መኪናው የሚቆምበት ሃምሳ ልባቸው ውስጥ ተገናኙ። ልጃቸውን አዩ፤ ሕፃኑን አዩ፤ ከዚያ የተጣመመውን ፓራውልት ለመጀመሪያ ጊዜ እንዳዩት ሁሉ ትክ ብለው ተመለከቱት።

«ባትሪዬስ?» አሉ በመጨረሻ፣ እንደ ተሸናፊ ሳይሆን እንደሚጠይቅ ሰው።

«የእነዚህ ነገር ሌላ ነው። የአንድ የድሮ አምፖል ቀለብ ከእነዚህ ሰባቱን ያጠግባል።»

«እንደ ሠርግ መኪና ብልጭ ድርግም ካሉ ግን አወልቃቸዋለሁ!»

«አይሉም። ሲነዱ ደብዘዝ ብለው ይበራሉ፤ ፍሬን ሲረግጡ ይደምቃሉ። ቀይ፣ ሌላ ቀለም የለም።»

ሥራው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ወሰደ። አነስ ፓራውልቱን በመዶሻ አቃንቶ በአዲስ ብሎን አጠበቀው፤ ግራና ቀኙን እኩል ለክቶ በሳው፤ ውኃ እንዳይገባ ከመብራቶቹ ሥር ላስቲክ አደረገ። አንዱን ሽቦ ከአሮጌው የኋላ መብራት መስመር፣ ሌላውን ከፍሬኑ መስመር አገናኘ። ሦስተኛውን ከመኪናው አካል ጋር ሊያስር ሲል ቀለሙን በቢላዋ መፋቅ ያዘ።

«ምነው መኪናዬን ትልጣታለህ?»

«ኤሌክትሪክ ቀለም አይወድም፤ ራቁት ብረት ይፈልጋል። ዝም ብዬ ባስረው ዛሬ በርቶ ነገ ይጠፋብዎታል።» ሽቦውን በፕላስቲክ ቱቦ አልብሶ ከጭስ ማውጫው አራቀው፤ ፊውዝም ጨመረ። «ሽቦ ቢነካካ ይቺ ትቃጠላለች፤ መኪናው አይቃጠልም» አለ።

ጋሽ ላቀው ሁሉን ቆመው ሲከታተሉ ውለው «መልካም ነው። ግን ነገ አብረኸን ትወርዳለህ። ከኋላ፣ ከልጄ ጎን ትቀመጣለህ። የሠራ ሰው ሥራው አጠገብ ይገኛል» አሉ።

አነስ ብሎኑን አንድ ጊዜ ደግሞ አጠበቀና «እሺ» አለ።

በማግሥቱ ሦስት ሰዓት ላይ ወረዱ። ታንጉት ጋቢውን ከትርፍ ጎማው ፈትታ ሕፃኑን ደራርባ ጠቀለለችበት። ጉሙ ከገደሉ ሥር እየተትጎለጎለ ይወጣል፤ ከፊት ያለው መታጠፊያ የሚታወቀው ጋሽ ላቀው በልባቸው ስለያዙት ብቻ ነው። ከአንዱ ጥምዝ ወዲያ ናዳ ወርዶ መንገዱን ይዞታል። ጋሽ ላቀው ፍሬን ረግጠው ቆሙ። በኋላው መስታወት በኩል ጉሙ ቀላ።

ያኔ ከላይ የጭነት መኪና ጩኸት መጣ።

በማርሽ እየተጎተተ፣ እያጓራ ይቀርባል። ታንጉት ልጇን ደረቷ ላይ አጣበቀች። አነስ የእጁን ሥራ አንድ በአንድ አሰበ፤ ብሎኑን፣ የፋቀውን ቀለም፣ ፊውዟን። ጩኸቱ ድንገት ተለወጠ፤ ፍሬን አፏጨ፤ ጎማ ጠጠሩን ፈጨ። ሁለት ብጫ የፊት መብራቶች ከጉሙ ወጡ፣ ቀረቡ፣ ቀረቡ፤ አሥር እርምጃ ሲቀራቸውም ቀጥ አሉ።

«ልጁስ?» አሉ ጋሽ ላቀው፣ እግራቸውን ከፍሬኑ ሳያነሡ።

«ተኝቷል አባባ።»

«ተኝቷል!» በሳቅ ፈነዱ፤ ዕንባቸውም አብሮ ወረደ። የእጅ ፍሬናቸውን ስበው፣ መብራቱን እንዳበሩ ወርደው ወደ ኋላ መጡ። አነስም ወረደ።

«የጠይብ ልጅ፣ ስማኝ። እኔ መብራት ለራሴ መስሎኝ ነበር። ባትሪዬን ቆጠብኩ እያልኩ ልጄን ለአደጋ አጋለጥኩ። ይህች ቀይ ነገር ባትሪ አትጨርስ፣ ተሳፋሪ አታስጨንቅ፤ ጭቃዋን መጥረግ ብቻ ነው የምትፈልገው። ግን ትልቁ ይህ አይደለም። የሚገጨውም እኮ ሰው ነው! ከኋላ ያለው ሾፌር ምን በደለ? ያላየውን ሕፃን ገድሎ ዕድሜውን ሁሉ ደም ተሸክሞ እንዲኖር ማን ፈረደበት? መብራት ማብራት ለማታውቀው ሰው ምጽዋት ነው። መናኸሪያ ስመለስ ይህን ለሾፌር ሁሉ እናገራለሁ፤ ያልሰማኝን ይዤው እመጣለሁ፣ አንተም በጋቢ እርምጃ ታስቆጥረዋለህ።»

የጭነት መኪናው ሾፌር ወርዶ ወደ እነሱ መጣ። አይተውት አያውቁም፤ አንገቱ ላይ ፎጣ የጣለ ቀጭን ሰው ነው። በኋላው መስታወት አንገቱን አስግጎ ታንጉትን አየ፤ የተኛውን ሕፃን አየ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ በግራው መብራት ላይ የተረጨውን ጭቃ በፎጣው ጠረገ። የቀኙንም ጠረገ።

«ወንድሜ፣ ከስንት እርምጃ አየኸን?» አሉት ጋሽ ላቀው።

ሰውየው ቀና አለ፤ ፎጣውን አንገቱ ላይ መለሰና በመጣበት በኩል እርምጃውን ጮክ ብሎ እየቆጠረ ወደ ጉሙ ገባ።